ዘግይቶ የሚናገር ቁስል፦ ከቡና አልጋ ዙሪያ ስለ ፍትሐዊ የሥራ ቦታ

የሥነ ልቦና ቁስልን ያገናዘበ የሥራ አመራር የሚባለው፣ ከሠራተኞች መካከል ከባድ መከራ ያለፈባቸው እንዳሉ ከመነሻው ታሳቢ አድርጎ የሥራ ክፍፍሉን፣ ቁጥጥሩንና የአቤቱታ አቀባበሉን የሚያደራጅ አሠራር ነው። ማን ምን እንደደረሰበት መመርመር አይጠበቅበትም። ዝናብ መምጣቱን የሚያውቅ ገበሬ ጠብታው እስኪወርድ ሳይጠብቅ ቡናውን እንደሚሸፍን ሁሉ፣ ይህ አሠራርም ጉዳቱ በግልጽ እስኪነገረው አይቆይም። ሐሳቡ የተነሣው ከሕክምናና ከማኅበራዊ አገልግሎት ሲሆን፣ በዚህ ረገድ በሰፊው የሚጠቀሰው ማዕቀፍ በአሜሪካ የአእምሮ ጤናና የሱስ አገልግሎቶች መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ወጥቷል። ማዕቀፉ ደኅንነትን፣ እምነትንና ግልጽነትን፣ የእኩዮች መደጋገፍን፣ ትብብርን፣ የመናገርና የመምረጥ አቅምን፣ እንዲሁም ለባህል፣ ለታሪክና ለፆታ ተገቢውን ትኩረት መስጠትን በመርሕነት ያስቀምጣል።

በጌዴኦ ዞን ገደብ ወረዳ ያለችው ባንኮ ጎቲቲ እነዚህ መርሖች ከወረቀት ወርደው የሚፈተኑባት ቀበሌ ናት። በውጭ አገር የቡና ቀማሾች ዘንድ ስሟ የሚነሣው በቡናዋ ነው። በ2011 ዓ.ም. ግን ስሟ የተሰማው በሌላ ምክንያት ነበር። ከሚያዝያ 2010 ዓ.ም. ጀምሮ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ አካባቢዎች በተነሣው ግጭት ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቅሏል፤ አብዛኛውም የተጠለለው በጌዴኦ ዞን ነበር። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ጎቲቲ ተፈናቃዮች በረሃብና በመጠለያ እጦት ከተጨናነቁባቸው ስፍራዎች አንዷ ነበረች። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድም በዚያው ወር የጌዴኦን ተፈናቃዮች ጎብኝተዋል። የዲላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዞኑ ተፈናቃዮች ላይ አካሂደው እ.ኤ.አ. በ2020 ያሳተሙት ጥናት ከተጠያቂዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የድኅረ አደጋ ጭንቀት ሕመም ምልክቶች እንደነበሩባቸው አሳይቷል።

ቡና ግን ወቅቱን ጠብቆ ይቀላል። እሸቱ ሲደርስ የማጠቢያ ጣቢያዎች በር ይከፈታል፣ የቀን ሠራተኛም ይጠራል። ከሚጠሩት መካከል የተፈናቀለ፣ የተመለሰ፣ ቤቱ የተቃጠለበት፣ ቤተሰቡን የቀበረ፣ በሽሽት መንገድ ላይ የተደፈረች ይኖራሉ። ማንም ግን ይህን በግንባሩ ላይ ጽፎ አይመጣም።

ቁስሉ በሥራ ላይ የሚታየው ሌላ ነገር መስሎ ነው። የመፈልፈያው ሞተር ድንገት ሲነሣ የሚባንን፣ ሌሊቱን በቅዠት አሳልፎ ጠዋት የሚያረፍድ፣ ካቦው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ አንደበቱ የሚተሳሰር፣ ከኋላው ሰው ሲቆም እጁ የሚንቀጠቀጥ ሠራተኛ አለ። ስለ ደረሰበት ነገር ሲጠየቅም መጨረሻውን ከመጀመሪያው ያስቀድማል፤ አንዱን ዝርዝር አጉልቶ ያስታውሳል፣ ሌላው ከነጭራሹ ይጠፋበታል። ከባድ ፍርሃት የትውስታን ቅደም ተከተል እንደሚያዛባ የሚያውቅ ሰው በዚህ አይደነቅም። የማያውቅ አለቃ ግን ማርፈዱን ስንፍና፣ ዝምታውን ንቀት፣ የተዘበራረቀውን ቃል ደግሞ ውሸት ብሎ ይተረጉመዋል። በዚህ ምክንያት ሠራተኛው በመጀመሪያው ጉዳት ላይ ሁለተኛ ይጨመርበታል።

የማጠቢያ ጣቢያ የሥራ አደረጃጀት ለሁለተኛው ጉዳት የተመቸ ነው። እሸት ቡና ከገበሬው እጅ ከሰዓት በኋላና ወደ ማታ ስለሚሰበሰብ መፈልፈሉ ብዙውን ጊዜ በሌሊት ይሠራል። ቀን ቀን ደግሞ በአብዛኛው ሴቶች በቡና ማድረቂያ አልጋዎቹ ዙሪያ ቆመው የተሰበረውንና የቆሸሸውን ቡና ይለቅማሉ። ሥራው ወቅታዊ ነው፤ ደመወዙ የዕለት ነው። ነገ ማን እንደሚገባ የሚወስነው ጠዋት በር ላይ ስም የሚጠራ አንድ ሰው ከሆነ፣ የዚያ ሰው ፊት መክበድና መፍካት የአንድ ቤተሰብ እራት ይሆናል። ሴቲቱ ተፈናቃይ ከሆነች ዘመድም ዋስም ላይኖራት ይችላል። ትንኮሳ የሚበቅለው እንዲህ ባለው መሬት ላይ ነው፤ የአንድ ሰው ክፉ ጠባይ ብቻውን አያበቅለውም።

የኢትዮጵያ ሕግ ይህን በከፊል አይቶታል። ነሐሴ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወሲባዊ ትንኮሳንና ወሲባዊ ጥቃትን ለያይቶ ተርጉሟል። ያለ ፈቃድ በቃል፣ በምልክት ወይም በሌላ መንገድ ለወሲብ መገፋፋት ትንኮሳ ነው፤ ኃይል ወይም የኃይል ሙከራ ከታከለበት ጥቃት ይባላል። በአሠሪዋ ወይም በሥራ መሪ ይህ የደረሰባት ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራዋን መልቀቅ ትችላለች፤ የ90 ቀን ደመወዟን ያህል ካሣም ይገባታል። ወቅታዊ ሥራም በአዋጁ ውስጥ የሚወድቅ የሥራ ውል ነው፤ ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው ዝርዝሩን በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መስጠት አለበት። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 625 የሴትን ችግር ወይም በአሠሪነት የተገኘን የበላይነት ተጠቅሞ ወሲብ መፈጸምን ያስቀጣል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትም በሰኔ 2011 ዓ.ም. በሥራ ዓለም ስለሚፈጸም ጥቃትና ትንኮሳ ስምምነት ቁጥር 190ን አጽድቋል።

የሕጉ ክፍተት የሚታየው ከቁስሉ ጠባይ ጋር ሲገጥም ነው። ሠራተኛዋ ያለ ማስጠንቀቂያ የመልቀቅ መብቷን የምታጣው ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ካቆመ በኋላ 15 የሥራ ቀናት ሲያልፉ ነው። ለገንዘብ ክርክር ይህ ቀነ ገደብ አጭር ላይባል ይችላል። ለተደፈረች ወይም ለተተነኮሰች ሴት ግን ሦስት ሳምንት ብዙውን ጊዜ ዝምታው ገና ያልተሰበረበት ጊዜ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 625ም ጉዳዩን በተበዳይዋ አቤቱታ ላይ አቁሞታል። ሁለቱም ሕጎች የመጀመሪያውን እርምጃ የሚጠብቁት ለመናገር አቅም ካነሳት ሰው ነው። ስለዚህ የሕጉን ክፍተት የሚሞላው የሥራ ቦታው የራሱ አሠራር ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ሥልጣንን መበተን ነው። የዕለቱ ሠራተኛ ዝርዝር በአንድ ሰው ቃል ከመወሰን ይልቅ ቀድሞ ተጽፎ በበሩ ላይ ቢለጠፍ፣ ተራው በግልጽ ደንብ ቢዞር፣ ደመወዝ በሁለት ሰዎች ፊት ቢከፈል፣ የካቦው ጸጋና ቁጣ ዋጋ ያጣል። የሌሊት ፈረቃ ሴቶች ለብቻቸው ወይም በጥንድ እንዳይቀሩ ቢደረግ፣ ከመጋዘን እስከ መጸዳጃ ያለው መንገድ መብራት ቢኖረው፣ ሴቶች ወደ ቤት በቡድን ቢሄዱ፣ ለትንኮሳ የሚመቸው ጊዜና ቦታ ይጠባል። ይህ ሁሉ የሚደረገው ማንም ሰው ቁስሉን ሳይገልጥ ነው።

ሁለተኛው አቤቱታን የመስማት ሥራ ነው። በትንሽ ቀበሌ ሁሉም ሁሉን ያውቃል፤ ሰሚውን፣ ከሳሿንና ተከሳሹን ዝምድና ያገናኛቸዋል። አቤቱታ የሚቀበለው ሰው ከሥራ መሪው መስመር ውጭ መሆን፣ ቢቻል ሴት መሆን፣ ጌዴኡፋንም አፋን ኦሮሞንም የሚሰማ ወይም አስተርጓሚ የሚያቀርብ መሆን አለበት። ተበዳይዋ ታሪኳን ለካቦ፣ ለሒሳብ ሹም፣ ለሥራ አስኪያጅ ደጋግማ እንድትናገር ከመጠየቅ አንድ ጊዜ ተጽፎ ፈቃዷ ሲገኝ ለሚመለከተው መተላለፉ ይሻላል። ጥያቄውም ከ«ለምን ዝም አልሽ?» ይልቅ ከምታስታውሰው ይጀምራል፤ የቀረው ቆይቶ ሊመለስ ይችላል። ተከሳሹም በበኩሉ ክሱን የማወቅና መልስ የመስጠት መብቱ ይጠበቃል። የተዛባ ትዝታ ውሸትን እንደማያረጋግጥ ሁሉ፣ ቁስል መኖሩ ብቻውን ጥፋተኛን አይለይም። ሚዛኑን የሚጠብቀው ማስረጃን በእርጋታ ማሰባሰብ ነው። እስከዚያው የሚቀየር የሥራ ቦታ ካለ፣ የሚቀየረው የአቤቱታ አቅራቢዋ መሆን የለበትም።

ሽምግልና እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በጌዴኦ ሶንጎ የሚባለው የሽማግሌዎች ሸንጎ ትልቅ ሥልጣን አለው፤ ጌዴኦና ጉጂ የሚጋሩት የጎንዶሮ ሥርዓትም ደም የፈሰሰባቸውን ወገኖች የሚያስታርቅ የመንጻት ሥርዓት ነው። የሥርዓቱ ክብደት ግን እውነቱ በመነገሩና በደሉ በመታመኑ ላይ ነው። በሥራ ቦታ «አይለምደውም፣ ተይው» ተብሎ የሚፈጸም እርቅ ይህን ክብደት አይሸከምም። ተበዳይዋን በማግስቱ ወደዚያው አልጋ፣ በዚያው ካቦ ሥር ይመልሳታል። ስለዚህ ሽማግሌ የሚገባው ተበዳይዋ ራሷ ስትፈልግ ብቻ ነው፤ ሲገባም የሥራ ቦታው የራሱን ውሳኔ አያስቀርም።

ሦስተኛው የሥራ ማመቻቸት ነው። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የደነገገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ተመጣጣኝ ማመቻቸትን የአሠሪ ግዴታ አድርጓል። በመከራ ምክንያት የሚመጣ የአእምሮ ሕመም ይህን አዋጅ በቀጥታ የሚጠራበት ጊዜ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ነገሩ ክርክር እስከሚያስነሣ አይደርስም። ከመፈልፈያው ራቅ ወዳለ አልጋ መዛወር፣ ጀርባን ወደ ግድግዳ አድርጎ መቆም፣ ከሌሊት ወደ ቀን ፈረቃ መቀየር፣ ለሕክምና ዲላ ለመሄድ አንድ ቀን ማግኘት ብዙ ወጪ አይጠይቁም። አዋጅ 1156 በሐኪም ለተረጋገጠ ሕመም በ12 ወራት ውስጥ እስከ 6 ወር ፈቃድ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የቀሩት ያለ ክፍያ ናቸው። ለጥቂት ሳምንታት የተቀጠረ ሠራተኛ የሐኪም ወረቀት ማምጣት ሊከብደው ስለሚችል፣ ቀላል ለውጦችን ያለ ማስረጃ፣ ለጠየቀ ሁሉ መፍቀድ ይመረጣል። እንዲህ ሲሆን ዝውውሩ የማንም ምልክት አይሆንም፤ የጠየቀች ሴትም «እሷ እኮ…» ተብላ በጣት አትጠቆምም።

አራተኛው የእኩልነት ጉዳይ ነው። ተፈናቃይና ነባር፣ የጌዴኦና የጉጂ ተወላጅ በአንድ ጣቢያ ሲሠሩ የሥራ ድርሻ በወገን ከተከፈለ አሮጌው ቁስል በየዕለቱ ይነካል። ከባዱ ጭነት ለአንዱ ወገን፣ ሚዛንና መዝገብ ለሌላው የሚሰጥ ከሆነ ሠራተኛው ምክንያቱን ከቡናው ውስጥ አይፈልግም። ወንዶችም ከዚህ ሐሳብ ውጭ አይደሉም። ቤቱ ሲቃጠል ያየ ወንድ ፍርሃቱን በቁጣ ወይም በመጠጥ መሸፈኑ የተለመደ ነው፤ የሚጋጭን ሠራተኛ ከማባረር በፊት ለብቻው ማነጋገር ብዙ ጊዜ ነገሩን ያበርዳል። ሆኖም የቆሰለ ሁሉ ሌላውን የማቁሰል ፈቃድ አያገኝም፤ የትንኮሳ ክልከላ ለሁሉም እኩል ነው።

የሥራ መሪ ሐኪም እንዲሆን አይጠበቅበትም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው የመጀመሪያ ደረጃ የሥነ ልቦና እርዳታ መመሪያ የተግባሩን ወሰን በሦስት ቃላት ያስቀምጠዋል፦ ማየት፣ መስማት፣ ማገናኘት። የሥራ መሪው ሠራተኛው መለወጡን ያያል፤ ሳያስገድድ ይሰማዋል፤ ከጤና ባለሙያ ወይም ከዲላ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ጋር ያገናኘዋል። ሕመሙን ስም መስጠት የሐኪሙ ፋንታ ነው።

አሠራሩ ሥር መስደዱ የሚታወቀው አቤቱታ በመጥፋቱ አይደለም። ሥልጣን ተበትኖ፣ ሰሚ ተለይቶ በሚጀመርበት ወቅት የአቤቱታ ቁጥር ሊጨምር ይችላል፤ ቀድሞ ተዳፍኖ የነበረው መውጣት ይጀምራልና። ሌላው ምልክት በሚቀጥለው ወቅት ይታያል፦ አቤት ያለችው ሴት ስሟ በዝርዝሩ ላይ እንዳለ ይገኛል፣ እርሷም ተመልሳ በአልጋው ዙሪያ ትቆማለች።