በሰው እርሻ መካከል የሚያልፍ መንገድ

በእንግሊዝ አገር ገጠር ለእግር ሽርሽር የሚወጣ ሰው መንገዱ በሰው እርሻ መካከል ሲያልፍ አይቶ ይደነቃል። እኛም በግሎስተርሺር አውራጃ ቦርተን ኦን ዘ ዋተር ከምትባለው መንደር እስከ ሎወር ስሎተር በሄድን ጊዜ ይህንኑ አየን። መንገዱ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዳገት ስለሌለበት ሽማግሌም ሕፃንም ሳይደክም ይደርሳል። በእንጨት ላይ የተሳለች ቢጫ ፍላጻ ትመራናለች፤ በአጥሩም ላይ ሰው እንጂ ከብት የማያሳልፍ ጠባብ በር ተሠርቷል። በጎቹ ቀና ብለው አዩንና ወደ ግጦሻቸው ተመለሱ፤ «ወዴት ትሄዳላችሁ?» ያለን ግን አልነበረም።

ይህ የባለመሬቱ ቸርነት አይምሰለን፤ ሕግ ነው። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1949 ዓ.ም. የወጣው ሕግ የየአውራጃው ምክር ቤት የእግር መንገዶችን በካርታ መዝግቦ እንዲይዝ አዟል። በካርታ ያልገባውም ቢሆን፣ ሕዝብ ሳይከለከልና ፈቃድ ሳይጠይቅ 20 ዓመት ከተመላለሰበት፣ የሕዝብ መንገድ ሆኖ ሊቆጠር ይችላል። ክርክር በተነሣ ጊዜም ምስክር ሆነው የሚቀርቡት ሲመላለሱበት የኖሩት የመንደሩ ሰዎች ናቸው። ባለመሬቱም በበኩሉ አይተኛም፤ መሬቱን ለሕዝብ መንገድ እንዳልሰጠ የሚገልጽ ማስታወቂያ አስቀድሞ ያቆማል።