የኮርስ ሠሪ ማስታወሻ፣ ከቀራንዮ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም

አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ለሠራተኞቹ የኦንላይን ሥልጠና እንዳዘጋጅበት የላከልኝ ፓወርፖይንት ዛሬ ደረሰኝ። ከመቶ ገጽ በላይ ነው፤ ግማሹ መመሪያው እንዳለ ተገልብጦ የተለጠፈ። አብሮት የመጣው ማሳሰቢያ አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ኢንተራክቲቭ ይሁንልን»። በዚህ ሥራ የቆየ ሰው ምን ማለታቸው እንደሆነ አይጠፋውም። ጽሑፉ እየተንሸራተተ ይግባ፣ ሥዕሉ ሲነካ ይገልበጥ፣ በየገጹ ግርጌ «ቀጥል» የሚል ቁልፍ ይኑር፣ መጨረሻ ላይ ሰርተፍኬት ይውጣ። እንዲህ ያለውን ኮርስ ሠራተኛው ድራማ እያየ በአውራ ጣቱ ብቻ ይጨርሰዋል። ተሳትፎ የሚሉት ይህን ከሆነ እኔ የለሁበትም።

አሜሪካዊው ማልኮልም ኖውልስ ስለ ጎልማሶች ትምህርት ሲጽፍ ነገሩን ከጨረሰው ሃምሳ ዓመት አልፎታል። ጎልማሳ ለምን እንደሚማር ካልገባው ልቡን አይሰጥም፤ ዛሬ ለቸገረው ነገር መላ ካላገኘበትም ጥሎት ይሄዳል። ደግሞም ባዶ እጁን አይመጣም፤ የኖረውን፣ ያየውን ይዞ ነው የሚቀመጠው።

ስለዚህ ለሥልጠና ኃላፊው ደወልኩና «ሠራተኞቻችሁ መስኮት ላይ የሚቸገሩት ምኑ ላይ ነው?» አልኩት። «በስልክ የተጭበረበሩ አባላት እያለቀሱ ይመጣሉ፤ ያኔ ሁሉም ግራ ይገባዋል» አለኝ። በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ ስለ ማጭበርበር የተጻፈው አንዲት አንቀጽ ናት። ኮርሱ የሚሠራው ከእሷ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ከማኅበሩ ቅርንጫፎች አንዱ ከቤቴ በእግር የሚደረስ ነው። የሒሳብ ሠራተኛዋ ሃምሳን ያለፉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። ሥራቸው ቀለል እስኪል ጠብቄ «እትዬ፣ ሰው እየተጭበረበረ መሆኑን በምን ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«ኧረ ልጄ፣ ገና ከበሩ ሲገባ ያስታውቃል። ስልኩን ከጆሮው አያነሳም። ብትጠይቀው አይመልስልህም፤ ያኛው ለማንም እንዳትናገር ብሎታላ!»

«ታዲያ ምን ይሉታል?»

«እየተታለሉ ነው አልለውም። እንደዚያ ካልኩት ተቆጥቶ ይወጣና ሌላ ቦታ ሄዶ ይልካል። ፊርማዎ ከደብተሩ ጋር አልመሳሰል አለኝ፣ እስኪ አረፍ ይበሉ እለዋለሁ። ትንሽ ካስቀመጥኩት ያ ሌባ ራሱ ሰልችቶት ይዘጋዋል።»

ይህ በየትኛውም መመሪያ ውስጥ የለም። የአጭበርባሪው ጉልበት ማጣደፍ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ማዘግየትን ያውቁበታል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ አፍርቷል፤ ገንዘብ ከቤት ሳይወጡ የሚላክ ሆኗል፤ ለሌባውም እንደዚያው ቀሎለታል። «ከቴሌ ነው የምደውለው፣ ስልክዎ ላይ የገባውን ቁጥር ያንብቡልኝ» ይላል። ወይም ሐሰተኛ መልእክት ይልክና «በስህተት ብር ልኬብዎታለሁ፣ እባክዎ ይመልሱልኝ» ብሎ ይለምናል።

ማታ የመጀመሪያውን ትዕይንት ጻፍኩ። ስልክ ጆሮው ላይ የለጠፈ ሰው መስኮቱ ጋ ቆሟል፤ ሠራተኛዋ ሦስት ምርጫ አላት። ያለውን ትልክለት? እየተታለለ መሆኑን ትንገረው? ወይስ ሰበብ ፈልጋ ታስቀምጠው? ጎበዝ ተማሪ ሁለተኛውን ነው የሚመርጠው። ኮርሱ «ትክክል» ወይም «ስህተት» አይልም፤ የሚሆነውን ያሳያል እንጂ። ሰውየው ተቆጥቶ ይወጣል፤ በሚቀጥለው ገጽ ሰኞ ጠዋት ባዶ ደብተሩን ይዞ ይመለሳል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

መድኃኔ ዓለም። የመጋቢቱ በዓል በዐቢይ ጾም ስለሚውል ድምቀቱ የጥቅምቱ ነው፤ ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም አካባቢ ዛሬ ሰው በሰው ነው። ዝማሬው በድምፅ ማጉያ እስከ ግቢያችን ስለሚሰማ የኮርሱን ድምፅ መቅዳት አይታሰብም። ፋይል ስመዝን ዋልኩ።

ኃላፊው ቪዲዮ ይወዳል። ሠራተኛው ግን የሚማረው በገዛ ስልኩ፣ በገዛ ፓኬጁ ነው። ጥራቱ ደህና የሆነ ቪዲዮ በደቂቃ አሥር ሜጋባይት ቢበላ አይገርምም፤ ንግግር ብቻ በሴኮንድ 32 ኪሎቢት ሲቀዳ ግን ደቂቃው ሩብ ሜጋባይት አይሞላም። ስለዚህ ፎቶና ድምፅ ብቻ። ሰው አቋርጦ ሲመለስ ካቆመበት የሚጀምርበትንም አስተካከልኩ፤ መብራት ይጠፋል፣ ታክሲ ይደርሳል፣ ልጅ ያለቅሳል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ባዶ ቦታ የሚያስሞሉ ጥያቄዎችን ዛሬ በሙሉ አወጣኋቸው። መልሱ «የምስጢር ቁጥር» ነበር። አንዱ «ሚስጥር»፣ ሌላው «ምሥጢር»፣ ሌላው «ሚስጢር» ብሎ ይጽፋል፤ ሁሉም አውቀውታል፣ ሶፍትዌሩ ግን እኔ ካስገባሁለት በቀር ሌላውን ሁሉ በቀይ ይሰርዛል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እንኳ እ.ኤ.አ በ1999 ነው፤ ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ ላንባቢ አንድ መሆናቸውን ግን ለእነዚህ መሣሪያዎች የነገራቸው የለም። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ የሠራን ሰው በፊደል ምክንያት በቀይ መቅጣት ነውር ነው።

ሌላው ደግሞ ከሶፍትዌሩ ጋር ዝግጁ ሆኖ የሚመጣው መልእክት። «ጎበዝ! እንደገና ሞክር» ይላል፤ ለልጅ እንደሚባለው። ሁሉንም ወደ «እርስዎ» መለስኩት፤ «ጎበዝ»ንም አጠፋሁት።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ኮርሱ ለሙከራ ለጥቂት ሠራተኞች ከተከፈተ ወዲህ ማን በስንት ሰዓት እንደሚገባ እያየሁ ነው። የሥራ ሰዓት ላይ የሚገባ የለም ማለት ይቻላል። ብዙው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ፣ አንዳንዱ ማለዳ፣ ታክሲ ውስጥ ሳይሆን አይቀርም።

ከኮርሱ ይልቅ የደራው ግን ለሙከራው ተሳታፊዎች የተከፈተው የቴሌግራም ቡድን ነው። የሒሳብ ሠራተኛዋ ያቺን የፊርማ ዘዴያቸውን በድምፅ ላኩ። ከዚያ በኋላ ማን ያስቁመው? አንዷ «እኔ ኔትወርክ የለም ነው የምላቸው» አለች። ሌላው ገንዘቡን ከላከ በኋላ የመጣ ሰው ሲያጋጥመው መጀመሪያ የት እንደሚደውል፣ ምን ምን እንደሚመዘግብ ዘረዘረ። አንድ ጠና ያለ ሰው ደግሞ የገዛ እናቱ እንዴት እንደተጭበረበሩ ተናገረ፤ ቢሮ ውስጥ ተናግሮት የማያውቀውን። ሁለት ትዕይንት ከዚያው ቀድቼ ወደ ኮርሱ አስገባሁ። ይህን በኮርስ መሥሪያ ሶፍትዌሩ ቁልፍ አልሠራውም ነበር።

እትዬ በዚያው ድምፅ መጨረሻ ላይ «እናቴ ፊርማ የለመደችው በመሠረተ ትምህርት ነው፤ እኔ ደግሞ በስልክ ልማር» ብለው ሳቁ። የ1971ዱ ዘመቻ በ5 ቋንቋ ተጀምሮ 15 ደርሷል፤ እ.ኤ.አ በ1980 ዩኔስኮ ሸልሞታል። በጣት አሻራ የኖረ ሰው ስሙን ጽፎ መፈረም ሲችል ለምን እንደተማረ የሚያስረዳው ሰው አያስፈልገውም ነበር።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሚካኤል። ሰፈሩ ቆሻሻ እያቃጠለ ነው፤ መስኮት ዘግቼ ከኃላፊው ጋር በስልክ ተነጋገርን። ኅዳር ሲታጠን ከ1911ዱ የኅዳር በሽታ የቀረ ልማድ ነው ይባላል፤ ያለ ሰርተፍኬት መቶ ዓመት የዘለቀ ትምህርት! ጭሱን ግን አልወደውም።

የተከራከርነው በሰርተፍኬት ነው። እሱ መጨረሻው ገጽ የደረሰ ሁሉ ይውሰድ ይላል፤ የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ፕሮግራም በሐምሌ 2016 ከተጀመረ ወዲህ ሰው ሁሉ ሰርተፍኬቱን ፌስቡክ ላይ ሲለጥፍ አይቷል፣ የእሱም ሠራተኞች ይጠብቃሉ። አልፈርድባቸውም፤ ለእድገት ፋይል ውስጥ የሚገባው ወረቀት ነው። እኔ ደግሞ ወረቀቱ የሚወጣው የመጨረሻውን ትዕይንት በራሱ ውሳኔ ለተወጣ ነው አልኩ፤ የወደቀ እንደገና ይግባ፣ የሚከለክለው የለም። ብዙ ከተባባልን በኋላ ተስማማ። ከመመሪያው ገጾች አብዛኞቹ ከኮርሱ ወጥተው ለብቻቸው የሚነበቡ ሆኑ።

ኮርሱ ሰኞ ኅዳር 22 ለሁሉም ቅርንጫፎች ይከፈታል። እስከዚያው ግን ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ስልካችሁ ላይ የገባ ቁጥር አንብቡልኝ የሚል ከደወለላችሁ፣ ከየትም ነኝ ይበል፣ ዝጉት። እናትና አባታችሁም እንዲዘጉት ዛሬውኑ ንገሯቸው።