የጣና ጀልባና የዘይት ኃይል

በግንቦት ወር፥ የኡራ ኪዳነ ምሕረትን ሥዕሎች ለማየት ናፍቀን፥ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ለመሻገር ወደ ጣና ዳር ወረድን። ነገር ግን ያረጀው የጀልባ ሞተር ከውሃው አልነሣም አለ። በበጋ ፍጻሜ ሐይቁ ስለሚጎድል፥ ከዳር ሲደርሱ ሞተሩ ካልተነሣ መቅዘፊያው በድንጋይ ይሰበራል፤ እንቦጭ ሲጠመጠምበትም ለመፍታት መነሣቱ ግድ ነው።

ይህን ከባድ ብረት የሚያነሣው ዘይት ነው። ይኸውም ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ፓምፑን ሲያዞር፥ ፓምፑ ዘይቱን ይገፋል፤ ዘይትም በቀላሉ የማይጨመቅ ስለሆነ ዘንጉን ወደ ውጭ ይገፋዋል።

ወጣቱ መካኒክ ሞተሩን በእንጨት ደግፎ ፓምፑን ፈታው። ዘይቱ ውሃ ገብቶበት እንደ ወተት ነጥቶ ነበር።

ባለ ጀልባው ሽማግሌ በሐዘን ድምፅ፦ «ልጄ፥ አዲስ ልግዛ ትለኛለህን? ከወዴት አመጣለሁ?» አለው።

«የለም አባባ፥ ብረቱ ደኅና ነው፤ የደረቀው የጎማው ቀለበት ነው» ብሎ መለሰ።

ከዚያም አጠበው፤ ቀለበቶቹን ለወጠ፤ አዲስ ዘይት ሞላ፤ አየሩ እስኪወጣም ሞተሩን ደጋግሞ ከፍ ዝቅ አደረገው።

ዘጌ የደረስነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ስለሆነ፥ ከሥዕሎቹ ጥቂቱን ብቻ አየን። ቢሆንም የሽማግሌው እንጀራ ስላልተቋረጠ ደስ ብሎን ተመለስን።