ማልቀስ መፍቀድ ነውን?

ባለፈው መስቀል ወልቂጤ ተሰብስበን እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣውን «ሴቪንግ ሚስተር ባንክስ» የተባለውን ፊልም አየን። ታሪኩ ዋልት ዲስኒ «ሜሪ ፖፒንስ» የተባለውን የልጆች መጽሐፍ ፊልም ለማድረግ ደራሲዋን ፒ. ኤል. ትራቨርስን እንዴት እንዳግባባት የሚያሳይ ነው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1964 ሲመረቅ ደራሲዋ ስታለቅስ፣ ግማሾቻችን አብረናት አለቀስን፤ ግማሾቻችንም «ይኸው ታረቀች!» ብለን አጨበጨብን። ከመካከላችን አንዱ ግን ትራቨርስ በእውነቱ ፊልሙን እንዳልወደደችው፣ ይልቁንም በካርቱን የተሠራውን ክፍል እንደ ጠላችው ቢነግረን ማጨብጨባችን አሳፈረን።

ማፈራችን ያለ ምክንያት አልነበረም። ቡታጅራ የሚኖሩት የአንዳችን አያት በጉራግኛ የነገሩንን የጅብ ተረት ለዚሁ መጽሔት በአማርኛ ጽፈን፣ ልጆች እንዳይፈሩ ጅቡን አለዝበን አንብበንላቸው ነበር። እርሳቸውም ሳቁ፤ እኛም ሳቃቸውን እንደ ፈቃድ ቆጠርነው።

በማግሥቱ ቡታጅራ ሄደን «እማማ፣ ያነበብንልዎትን ተረት ወደዱት?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ደግ ነው፤ ግን ጅቡን ማን ገራው?» አሉን።

እኛም ጅቡን መልሰን ጅብ አደረግነው። ውድ አንባቢ ሆይ፣ በሚቀጥለው እትም ቢያስፈራህ አትቀየመን፤ ተረቱ የእርሳቸው ነው።