ዓላማና ዋጋው በአይሁድ አዲስ ዘመን ኑሮ

ስለ ዓላማ መናገር የማይወድ ሰው በዘመናችን አይገኝም። ጉባኤ ሲከፈት፣ ትምህርት ቤት ሲመረቅ፣ ሹም ሲሾም ዓላማ የሚለው ቃል ከሁሉ አስቀድሞ ይነሣል፤ ከንግግሩ በኋላ ግን ያ ዓላማ በማን ጫንቃ ላይ እንደሚወድቅ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኛም ይህን ጥያቄ ለማንሣት የአይሁድን ሕዝብ ያለፈውን መቶ ሠላሳ ዓመት ታሪክ መርጠናል፤ በዚህ ዘመን ውስጥ ከእነርሱ ይልቅ ብዙ ነገር በዓላማ ብቻ የጀመረ፣ ከጀመረውም ብዙውን ከፍጻሜ ያደረሰ ሕዝብ ማግኘት ያስቸግራልና። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1860 በቡዳፔስት የተወለደው ቴዎዶር ሄርዝል የቪየና ጋዜጠኛ ነበር። በ1896 «የአይሁድ መንግሥት» የተባለውን ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ፤ በሚቀጥለውም ዓመት በስዊስ አገር፣ በባዝል ከተማ የመጀመሪያውን የጽዮናውያን ጉባኤ ሰበሰበ። በ1903 የእንግሊዝ መንግሥት ለአይሁድ መስፈሪያ የሚሆን ምድር በምሥራቅ አፍሪካ፣ ዛሬ በጎረቤታችን በኬንያ ውስጥ በሚገኘው በኡዋሲን ጊሹ አምባ ላይ ለመስጠት ሐሳብ አቀረበ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር በሩስያ ግዛት በኪሺኔቭ ከተማ በአይሁድ ላይ ፍጅት ተደርጎ ነበርና፣ ሄርዝል ነገሩን ለጊዜው መጠጊያ ይሆናል ብሎ ለጉባኤው አቀረበው። ከሁሉ የሚያስገርመን ግን ከዚያችው ከኪሺኔቭ የመጡት መልእክተኞች ሐሳቡን መቃወማቸው ነው። ቤታቸው እየተቃጠለ ሳለ «ከጽዮን በቀር ሌላ አንፈልግም» የሚሉ ሰዎች ለአስተዋይ ፖለቲከኛ እብዶች ይመስሉታል። እኛ ትክክል ነበሩ ብለን ለመፍረድ አንደፍርም፤ ነገር ግን ቃሉን የተናገሩት የገዛ ወገናቸውን ከቀበሩ በኋላ እንደ ሆነ ልብ ልንለው ይገባል። ሄርዝል በ1904 በአርባ አራት ዓመቱ ሞተ፤ ጉባኤውም በ1905 የምሥራቅ አፍሪካውን ነገር ፈጽሞ ተወው።

ዓላማው ግን አንድ ብቻ አልነበረም። ባዝል ላይ ጉባኤው በተደረገበት በ1897፣ በቪልና ከተማ ቡንድ የተባለው የአይሁድ ሠራተኞች ማኅበር ተቋቋመ። የእነዚህ ሰዎች ሐሳብ ከዚያ ተቃራኒ ነበር፤ አገራችን የተወለድንበት ነው፣ ነጻነታችንንም እዚሁ ከሌላው ሠራተኛ ጋራ እንታገልለታለን ይሉ ነበር። ናዚዎች ስድስት ሚሊዮን አይሁድ ሲፈጁ የዚህ ማኅበር ሕዝብም አብሮ ጠፋ። ስለዚህ ብዙ ሰዎች የቡንድ ሐሳብ ስሕተት እንደ ነበረ ታሪክ መስክሯል ይላሉ፤ እኛ ግን አንድ ሐሳብ የያዙት ሰዎች ስለ ተገደሉ ብቻ ሐሰት ይሆናል አንልም። በ1943 በዋርሶ ከናዚዎች ጋራ ከተዋጉት አለቆች አንዱ ማሬክ ኤደልማን የዚሁ ማኅበር ሰው ነበር፤ ከጦርነቱም በኋላ እስኪሞት እስከ 2009 ድረስ በፖላንድ ኖሮ በሐኪምነት አገልግሏል።

ከሁሉ ይልቅ እኛን የሚማርከን የቋንቋው ነገር ነው። ሄርዝል ራሱ በመጽሐፉ ውስጥ ዕብራይስጥ የመንግሥት ቋንቋ ይሆናል ብሎ አላሰበም፤ በዚህ ቋንቋ የባቡር ትኬት እንኳ ለመግዛት የሚችል ማን አለ ሲል ጠይቋል። እርግጥ ዕብራይስጥ ፈጽሞ ሞቶ ነበር ማለት ትክክል አይደለም፤ እንደ እኛ ግዕዝ ይጸለይበት፣ ይጻፍበት፣ ሊቃውንት ይቀኙበት ነበር። የጎደለው እናት ልጇን የምትቆጣበት፣ ነጋዴ የሚከራከርበት አንደበት ነው። ኤሊኤዘር ቤን ይሁዳ የተባለው ሰው በ1881 ኢየሩሳሌም ሲገባ ከዚያን ቀን ጀምሮ በቤቱ ውስጥ ከዕብራይስጥ በቀር ሌላ ቋንቋ እንዳይነገር ወሰነ። መዝገበ ቃላት ለሚባለው ነገር እንኳ ቃል አልነበረምና፣ «ሚላ» ከሚለው «ቃል» ማለት ከሆነው ስም ተነሥቶ «ሚሎን» የሚለውን እርሱ ፈጠረ፤ ከመጽሐፍ ቅዱስ ያጣውን ከዐረብኛ ተዋሰ። በዚህ መንገድ የጀመረው ታላቅ መዝገበ ቃላት እርሱ በ1922 ከሞተ በኋላ ሌሎች ቀጥለውት በ1959 በ17 ቅጽ ተፈጸመ።

ነገር ግን ዓላማው ከመጽሐፍ ወደ ጓዳ ሲገባ ዋጋውን የከፈለው ማን ነው? በ1882 የተወለደው የበኵር ልጁ ሌላ ቋንቋ እንዳይሰማ ከጎረቤት ልጆች ጋራ እንዳይጫወት ተከለከለ፤ አፉን ለመፍታትም እጅግ ዘግይቶ ነበር ይባላል። እናቱ ዲቦራ በሩስያኛ እሹሩሩ ስትለው አባቱ ደርሶ በታላቅ ቁጣ እንደ ተነሣባት ይተረካል። እርስዋም በ1891 በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። ልጁ ከጊዜ በኋላ ኢታማር ቤን አቪ ተብሎ በዕብራይስጥ የሚጽፍ የታወቀ ጋዜጠኛ ሆነ፤ ይህ ግን በእሹሩሩው ጊዜ ፈቃዱን የጠየቀው ሰው ነበረ ለማለት አያስችለንም። አባትየውን ከማድነቅ ባንቆጠብም፣ በዚያ ቤት ልጅ ሆነን ለመወለድ አንመኝም።

አንድ ቤተሰብ ቋንቋን አያስነሣም፤ ያስነሡት መምህራን ናቸው። በ1886 በሪሾን ለጽዮን መንደር በዕብራይስጥ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ተከፈተ። የሒሳብና የተፈጥሮ ትምህርት መጽሐፍ ስላልነበረ፣ መምህራኑ የማያውቁትን ቃል ማታ እየፈለጉ ጧት ለተማሪዎቻቸው ይነግሩ ነበር። በ1913 ደግሞ በሐይፋ ሊከፈት የታሰበው ከፍተኛ የቴክኒክ ትምህርት ቤት በምን ቋንቋ ያስተምር የሚል ታላቅ ክርክር ተነሣ። ገንዘብ ያወጣው የጀርመን አይሁድ ማኅበር፣ ለሳይንስ የሚበቃው ጀርመንኛ ነው አለ። ነገሩ እውነት ይመስል ነበር፤ ዕብራይስጥ ያን ጊዜ የመኪናውን ብሎን እንኳ የሚጠራበት ስም አልነበረውም። መምህራንና ተማሪዎች ግን በማኅበሩ ትምህርት ቤቶች ላይ አድማ መቱ፤ ብዙዎቹም ደመወዝ ከሚከፍለው ማኅበር ወጥተው ሌላ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ቴክኒዮን የተባለው ያ ትምህርት ቤት በ1924 ሲከፈት ትምህርቱ በዕብራይስጥ ሆነ። የአገራችንን የማስተማሪያ ቋንቋ ክርክር የሚያውቁ አንባቢዎቻችን ይህን ታሪክ ቢያጠኑት ይጠቀሙበታል፤ ቃል ስለሌለ ቋንቋው አይችልም ከማለት ይልቅ ቋንቋው ሥራ ስላልተሰጠው ቃል የለውም የሚለው ወደ እውነት የቀረበ ነው።

ለጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ሁሉ ደግሞ የአሮን ዳዊት ጎርዶን ታሪክ ሊነገር ይገባል። ይህ ሰው በሩስያ በአንድ ባለጸጋ ርስት ላይ ከሃያ ዓመት በላይ በአስተዳደር ሥራ ሲያገለግል ኖሮ፣ በ1904 በአርባ ስምንት ዓመቱ ወደ ፍልስጥኤም ሄደና በወይንና በብርቱካን ተክል ውስጥ በዶማ የሚቆፍር የቀን ሠራተኛ ሆነ። የቢሮ ሥራ ይሰጥህ ቢሉት እምቢ አለ። ሕዝብ አገሩን የሚያገኘው በገንዘብ ወይም በደም ሳይሆን በገዛ እጁ ሥራ ነው እያለ ቀን ይቆፍራል፣ ማታ ይጽፋል። (ይህን ስንጽፍ እኛ ከወንበራችን አልተነሣንም።) በመጨረሻም የዮርዳኖስ ወንዝ ከገሊላ ባሕር በሚወጣበት ሥፍራ፣ ዐሥር ወንዶችና ሁለት ሴቶች በ1910 ባቋቋሟት በደጋንያ ተቀመጠ፤ በ1922ም በዚያው ሞተ። ደጋንያ የኪቡትዞች ሁሉ እናት ናት። በኪቡትዝ ሀብት የጋራ ነበር፣ ምንዳም በሥራ ዓይነት አይለያይም ነበር። በብዙዎቹም ሕፃናት ከወላጆቻቸው ተለይተው በልጆች ቤት ያድሩ ነበር፤ ይህ ልማድ በ1990ዎቹ ፈጽሞ ቀረ፤ በዚያ ካደጉት መካከል ሌሊት እናታቸውን እየፈለጉ ያለቀሱትን ዛሬም በምሬት የሚያስታውሱ አሉ። በ1980ዎቹ የዋጋ ንረትና የባንክ ዕዳ ኪቡትዞቹን አናጋቸው። ደጋንያም ራሷ በ2007 አባሎችዋ እንደየሥራቸው የተለያየ ደመወዝ እንዲቀበሉ ወሰነች። ይህን ውድቀት ነው የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን ለዘጠና ሰባት ዓመት የቆየ ዓላማ እንደ ወደቀ አንቈጥረውም።

ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ምድሪቱ ባዶ አልነበረችም። ይህንም አስቀድሞ የተናገረው ጠላት ሳይሆን የራሳቸው ሊቅ አሐድ ሃዓም ነው፤ በ1891 ፍልስጥኤምን ጎብኝቶ ሲመለስ ያልታረሰ ለም መሬት ማግኘት አስቸጋሪ መሆኑን፣ አንዳንድ ሰፋሪዎችም ዐረቦችን በጭካኔ እንደሚይዙ ጻፈ። ብዙ ሰው አልሰማውም። በ1948 የእስራኤል መንግሥት ሲቋቋም በተደረገው ጦርነት ሰባት መቶ ሺህ ያህል ፍልስጥኤማውያን ሸሽተውና ተባረው ከቤታቸው ወጡ፤ የልጅ ልጆቻቸውም እስከ ዛሬ ስደተኞች ይባላሉ። የኪሺኔቭ መልእክተኛ ዋጋውን ራሱ ለመክፈል ቆርጦ ነበር፤ የገሊላ ገበሬ ግን ስለዚያ ዓላማ አልተጠየቀም፣ ሒሳቡ ብቻ ደረሰው። ይህን ሳይናገሩ የአይሁድን ዓላማ ማወደስ ታሪክን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን እንደ መደበቅ ነው።

ይህ ታሪክ በመጨረሻ የእኛንም አገር ይነካል። በጎንደር፣ በስሜንና በትግራይ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል የባዝልን ጉባኤ ሳይሰሙ ስለ ኢየሩሳሌም ሲጸልዩ የኖሩ ናቸው። የእስራኤል መንግሥት በ1975 አይሁድነታቸውን አምኖ ተቀበለ። ከ1980 ዓመት ወዲህ ሽማግሌና ሕፃን ሳይቀር በሌሊት እየተጓዙ ወደ ሱዳን ወረዱ፤ በመንገድና እንደ ኡም ራኩባ ባሉ ሰፈሮች አራት ሺህ ያህል ሰዎች በረኃብ፣ በበሽታና በሽፍታ እንዳለቁ ይቈጠራል። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 ስምንት ሺህ ያህል ሰዎች በምሥጢር በአውሮፕላን ተወሰዱ፤ በግንቦት 1991 ደግሞ ከዐሥራ አራት ሺህ በላይ ከአዲስ አበባ በሁለት ቀን ውስጥ ተጓዙ።

በደረሱበት ግን የጠበቃቸው ሌላ ነበር። የረቢዎች ጽሕፈት ቤት አይሁድነታቸው ይረጋገጥ ዘንድ በውኃ መጥለቅ አለባቸው አለ። ለዚያ እምነት ልጆቻቸውን በሱዳን አሸዋ የቀበሩ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ምን እንደ ተሰማቸው ለመገመት ታላቅ ብልኅነት አያስፈልግም፤ በ1985 በኢየሩሳሌም በጽሕፈት ቤቱ ፊት ለፊት ለብዙ ሳምንት ተቀምጠው ተቃወሙ። በ1996ም የለገሱት ደም በምሥጢር ሲጣል እንደ ነበረ በታወቀ ጊዜ በብዙ ሺህ ሆነው ወጡ። ያ አገር የተመሠረተበትን ቃል ይዘው አገሩን ሞገቱት፤ ከሄርዝል ተከታዮች ብዙዎች ይልቅ ለሄርዝል ቃል የቀረቡት እነርሱ ሳይሆኑ አይቀሩም። በጕዞ ላይ ለሞቱት በ2007 መታሰቢያ የተሠራላቸው ሄርዝል በተቀበረበት ተራራ ላይ ነው።

የስግድ በዓላቸው ከ2008 ጀምሮ የአገሩ ብሔራዊ በዓል ሆኗል። በየዓመቱ በኅዳር አካባቢ ቄሶቹ ጃንጥላ ይዘው፣ የመቅደሱ ሥፍራ በሩቁ ወደሚታይበት ኮረብታ ይወጣሉ፤ ሕዝቡም ጾሞ ይከተላቸዋል። ጸሎቱ ዛሬም በግዕዝ ነው። በዚያ የተወለዱት ወጣቶች ዕብራይስጥ ብቻ የሚናገሩ በመሆናቸው ቃሉን ሁሉ አያስተውሉትም፤ አባቶቻቸው ግን በአምባው ሳሉ እንደሚያደርጉት ሁሉ፣ በኢየሩሳሌም ቆመው ስለ ኢየሩሳሌም ይለምናሉ።