በመርሐ ቤቴ ቆላ የተገኘ የጥንት ሙጫ

በቤቱ ዕጣን የሚያጤስ ቤተሰብ ሁሉ ይህን ሳያይ አይቀርም። የቤት እመቤቷ ዕጣኑን በመዳፏ ይዛ ስትለቅም፣ በአንዱ ፍሬ ውስጥ የቅርፊት ስባሪ ወይም አንዲት ደቃቅ ጉንዳን ተጣብቃ ታገኛለች። የዕጣን ዛፍ በስለት ሲቈስል የሚያወጣው ሙጫ በመጀመሪያ ለስላሳ ነውና ያረፈበትን ሁሉ ይይዛል፤ ከዚያም በነፋስና በፀሐይ ይደርቃል። ይህን ትንሽ ነገር ያስተዋለ ሰው በመርሐ ቤቴ ቆላ የተገኘውን ታላቅ ነገር ለመረዳት አይቸገርም።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በፍቼ መንገድ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ ሙከ ጡሪ ሲደርስ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። እስከ ለሚ ድረስ አገሩ ደጋና ሜዳ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ምድሪቱ በድንገት ትቈረጥና የጀማ ሸለቆ ከእግሩ ሥር ይከፈታል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወርድ ብርዱ ይቀራል፤ ሙቀቱም ይበረታል። ወንዙን ተሻግሮ ዳገቱን ሲወጣ ዓለም ከተማን ያገኛል። የጥንቱ ሙጫ፣ አምበር የሚባለው፣ የሚቈፈረው በዚህ ከተማ አካባቢ ባለው በወንጪት ወንዝ ሸለቆ ነው።

አምበር በአፈር ተቀብሮ እጅግ ብዙ ዘመን በመቈየቱ የጸና የዛፍ ሙጫ ነው። በቀላሉ የሚተንነው ነገሩ ከውስጡ ሲወጣ የቀረው እርስ በርሱ ይቈላለፍና እንደ ድንጋይ ይደነድናል። ዳሩ ግን ከድንጋይ ይልቅ ቀላል ነው፤ በጨርቅ ሲታሽም ገለባ ይስባል።

እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር በ2010 ሊቃውንት ስለዚህ ሙጫ ሰፊ ጥናት አወጡ። በውስጡ ጉንዳን፣ ጥቃቅን ተርብ፣ ጢንዚዛ፣ ሸረሪትም ሳይቀር አገኙ። ዕድሜውንም 95 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው ብለው ገመቱት፤ ወሬውም በዓለም ተሰማ። ነገር ግን አንድ ነገር አልገጥም አለ። ሙጫው በጠባዩ የዚያን ዘመን ሙጫ ሁሉ አይመስልም ነበር፤ የሚመስለው ዛሬ በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍና በማዳጋስካር የሚበቅለውን፣ ሂሜኔያ የተባለውን የባቄላና የግራር ዘመድ ዛፍ ነበር። ኋላም በአፈሩ ውስጥ የቀረው የአበባ ብናኝ እንደገና ሲመረመር ዕድሜው ከ16 እስከ 23 ሚሊዮን ዓመት ሆኖ ተገኘ። እነሆ፣ ሰባ ሚሊዮን ዓመት ያህል ከሒሳቡ ተቀነሰ! የተማረ ሰው ስሕተቱን ሲያርም ክብሩ አይጎድልም፤ ትምህርት የሚጸናው እንዲህ ባለው መታረም ነውና።

ዕድሜው ቢቀነስም ነገሩ አላነሰም። በ2022 በዚሁ የኢትዮጵያ ሙጫ ውስጥ ያሉ 13 ጉንዳኖች ተመርምረው ከዚያ በፊት ያልታወቀ ወገን መሆናቸው ተገለጠ። ሙጫው ሳይሰበር፣ በጀርመን አገር በሐምቡርግ ከተማ በሚገኝ ታላቅ መሣሪያ በብርቱ ጨረር አካላቸው ታየ። ዴስዮፖኔ ሄሬዮን የተባለውም ስማቸው ከመረመሯቸው ሁለት ተቋማት ስም የተወሰደ ነው።

አሁን ግን አንድ የሚያሳስብ ነገር አለ። አምበር ለጌጥ ይፈለጋል፤ ነፍሳት ያሉበት ቁራጭ ደግሞ ይልቁን ዋጋ ያወጣል። ቁራጩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ከየትኛው ገደል፣ ከየትኛው የአፈር ንብርብር እንደ ወጣ ይረሳል። ጉንዳኒቱ ብቻዋን ዕድሜዋን አትናገርም፤ የሚመሰክርላት አብሯት የተቀበረው አፈር ነው። አፈሩ ተጥሎ ሙጫው ብቻ ከተሸጠ ምስክሩ ጠፋ ማለት ነው።

ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ ወደዚያ አገር ስትሄድ ወይም ከዚያ የመጣ ቁራጭ በእጅህ ሲገባ፣ የተገኘበትን ስፍራ ጠይቀህ በወረቀት ጻፍና ከእርሱ ጋር አኑረው። ዕንቍ የሚያጌጠው ያሰረውን አንገት ብቻ ነው፤ ስፍራው የታወቀ ቁራጭ ግን የመርሐ ቤቴን የጥንት ጫካ ለልጅ ልጅ ያወርሳል።