ስለ ካፖርትና ስለ ብረት ድስት

ስለ ስደት በየመጽሔቱ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ስለ አገር ናፍቆት፣ ስለ ፖለቲካና ስለ ትምህርት ነው። ስለ ብርድ ልብስ፣ ስለ ብረት ድስትና ስለ በረዶ ጫማ የሚጽፍ ግን እምብዛም አይገኝም። ጉዳዩ ተራ መስሎ ስለሚታይ ይሆናል። ይሁን እንጂ እኛ በዋሺንግተንና በአካባቢዋ በኖርንባቸው ዓመታት እንደታዘብነው፣ አዲስ የመጣ ወገን ከኛ ጋር መቆየቱ ወይም ከኛ መራቁ የሚወሰነው በስብሰባ አዳራሽ ብቻ አይደለም። በባዶ ቤት በሚያሳልፋቸው የመጀመሪያ ሳምንታትም ይወሰናል። ስለዚህ ዛሬ የምንጽፈው ስለ ዕቃ ነው፤ ይልቁንም ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ ስለሚተላለፍበት መንገድ ነው።

የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣው የስደተኞች ሕግ በቆመው ሥርዓት፣ በስደተኛነት ተመዝግቦ ከውጭ ለሚገባ ሰው ተቀባዩ ድርጅት ቤት አዘጋጅቶ ይጠብቀው ነበር። በቤቱ ውስጥ መገኘት የሚገባቸው ዕቃዎች አንድ በአንድ ተዘርዝረው የተጻፉ ነበሩ፤ ለሰው ሁሉ በየራሱ ትራስ፣ ፎጣ፣ ሳህን፣ ሹካና ማንኪያ፤ ለቤተሰቡ ደግሞ አልጋ፣ ድስት፣ መጥበሻ፣ የቆርቆሮ መክፈቻና የማንቂያ ሰዓት። ዕቃው ንጹሕና የሚሠራ ይሁን እንጂ አዲስ እንዲሆን ግዴታ አልነበረም። የአውሮፕላኑ ትኬት ግን ብድር ነበር፤ ወለድ ባይኖርበትም፣ ስደተኛው በገባ በስድስተኛው ወር ገደማ መክፈል ይጀምራል። የማንቂያው ሰዓት ለምን ከዝርዝሩ እንደገባ ለመገመት አያዳግትም።

ይህ አቀባበል እ.ኤ.አ. በጥር 2025 በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ታገደ። ቀድሞም ቢሆን ዝርዝሩ ሁሉንም አይመለከትም ነበር። ለትምህርት መጥቶ ጥገኝነት የጠየቀ፣ በዲቪ ዕጣ የገባ፣ ድንበር አቋርጦ የደረሰ ሰው አልጋም ሳህንም አይጠብቀውም። ጥገኝነት ጠያቂው የሥራ ፈቃድ እስኪያገኝ ድረስ ለብዙ ወራት በሰው ቤት ይቀመጣል። እንግዲህ የነዚህ ሁሉ ተቀባይ ድርጅት ያው ወገናቸው ነው።

ከመካከላችን ልባሽ መልበስ ውርደት ነው የሚል አይጠፋም። ነገር ግን በአገራችን የታላቅ ልብስ ለታናሽ ሲተላለፍ ኖሯል። እናቶቻችን ያረጀ ሱሪና ጫማ ለልዋጭ ሰጥተው ሳህን ይቀበሉ ነበር። ከመርካቶ ሰልባጅ የተገዛ ኮት ለሠርግ ሲለበስ ያፈረ የለም። ያም ሰልባጅ ከዚሁ ከምዕራቡ ዓለም ተጠርጎ የሚመጣ ነው፤ እኛ ዛሬ ከምንጩ ደርሰናል። ስለዚህ የሚያሳፍረው የጨርቁ ማርጀት አይደለም።

የሚያሳፍረው ምን እንደሆነ ከአንድ ወጣት ተምረናል። በመጣ በሁለተኛው ወር አንድ ወገን ካፖርት ሰጠው። ሰጪው በአንድ የበዓል ዝግጅት ላይ ከሩቅ አየውና በሰው መካከል፣ «ይች ካፖርቴ እንዴት አምራብሃለች! እኔ እንኳ እንዲህ አላማረችብኝም» አለው። ተናጋሪው ክፉ አላሰበም። ሰው ሳቀ፤ ልጁም አብሮ ሳቀ። በማግሥቱ ካፖርቱን አጣጥፎ፣ በፌስታል አድርጎ ከሰጪው ደጃፍ አስቀመጠው። ወሩ የካቲት ነበር። ከዚያ በኋላ በሹራብ ብቻ ሆኖ አውቶቡስ ሲጠብቅ አየነው፤ ወደ ዝግጅታችን ግን አልተመለሰም። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ወርቁ የማን እንደሆነ የሚያስታውስ እስካለ ድረስ አያደምቅም።

ይህን ችግር ሌሎችም ድሆች ከኛ በፊት አይተውታል። በቦስተን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1902 ኤድጋር ሄልምስ የተባለ የሜቶዲስት ቄስ ከባለጸጎች ቤት አሮጌ ልብስና ዕቃ ሰበሰበ። በሰፈሩ የነበሩትን ድሆችና ስደተኞች ልብስ ሰፊና ዕቃ ጠጋኝ አድርጎ ቀጠራቸው፤ የተጠገነውም በርካሽ ተሸጠ። ዛሬ ጉድዊል የተባለው ድርጅት የተነሣው ከዚህ ነው። በፈረንሳይ ደግሞ አቤ ፒየር እ.ኤ.አ. በ1949 በመሠረተው ኤማውስ፣ መጠለያ ያጡ ሰዎች ራሳቸው አሮጌ ዕቃ እየለቀሙና እየሸጡ ይተዳደሩ ነበር። በሁለቱም ዘንድ ድኻው እጁን ዘርግቶ የሚቀበል ብቻ አልነበረም፤ ሠራተኛ ነበር፣ ሻጭም ነበር፣ ገዢም ነበር። ሸሚዝ በሦስት ዶላር የገዛ ሰው የማንም ባለውለታ አይደለም።

የእንጀራው ምጣድ ታሪክ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ያስደንቀናል። ከአገር ቤት የመጣ ምጣድ በ220 ቮልት የሚሠራ ስለሆነ በአሜሪካ 120 ቮልት በወጉ አይግልም። እናቶቻችንና እኅቶቻችን ግን አንድ ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከገበያ አገኙ፤ የኖርዌይ ስደተኞች ልጆች ለፍሰ የሚሉትን የድንች ቂጣቸውን የሚጋግሩበት ነው። እንጀራ ጋገሩበት፤ ዓይን አወጣላቸው። አንዱ ስደተኛ ለራሱ ያበጀው ለሌላው ስደተኛ ተረፈ።

ከልምዳችንም ጥቂት እናካፍል። ካፖርት የሚገዛው ብርዱ ሳይገባ ነው። ዚፑንና ገበሩን፣ የብብቱንም ስፌት መመልከት ያሻል። ሱፍ ረጥቦም ቢሆን ያሞቃል፤ ጥጥ ሲረጥብ ያበርዳል። በብዙ የአሮጌ ልብስ መደብሮች ዋጋው በባለ ቀለም ወረቀት ይለጠፋል፤ በየሳምንቱ አንደኛው ቀለም በግማሽ ዋጋ ይሸጣል። ከመንገድ ዳር ጠረጴዛና ወንበር ማንሣት ነውር የለበትም፤ በቦስተን እጅግ ብዙው የቤት ኪራይ ውል በሴፕቴምበር 1 ቀን ስለሚለወጥ በዚያ ሰሞን ደጁ ሁሉ ዕቃ ነው። ፍራሽ ግን ትኋን ይዞ ሊመጣ ይችላልና መተው ይሻላል። የተገኘ ልብስ በማድረቂያ መኪና በከፍተኛ ሙቀት ለሠላሳ ደቂቃ ቢዞር ትኋኑም እንቁላሉም ይሞታል። ከሁሉ በላይ በየሳምንቱ እየተከፈለ ዕቃ ከሚወሰድባቸው ሱቆች መራቅ ይገባል፤ ጥቂት በጥቂት የተከፈለው ሲደመር ከዕቃው ዋጋ እጥፍ መሆኑ የተለመደ ነውና።

ምክር ብቻውን ግን ቤት አይሞላም። ለዚህ የሚሆነውን መልስ አባቶቻችንና እናቶቻችን በዕድር ሠርተውታል። ዕድር ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሩን፣ ትልልቁን ድስትና ሳህኑን ከአባላት መዋጮ ገዝቶ ያስቀምጣል። ኀዘን የደረሰበት ሰው ድንኳን ሲተከልለት «የማን ድንኳን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። የሁሉም ነው፤ ስለዚህ የርሱም ነው። በስደትም ዕድር አቋቁመን አስከሬን ወደ አገር እንልካለን። ለሚሞተው ወገን ዕድር አለን፤ ለሚመጣው ግን የለንም።

ስለዚህ በየከተማው ያለ ማኅበር አንድ የጋራ ዕቃ ቤት እንዲያቋቁም እናሳስባለን። ምድር ቤት ወይም ጋራዥ ይበቃል። ደንቡም አጭር ይሁን። ያልታጠበ ልብስና የተሰበረ ዕቃ አይግባ። የሰጪው ስም አይነገር። አዲሱ ወገን ራሱ ገብቶ የሚወደውን ይምረጥ፤ ሌላው አይምረጥለት። ብሔሩ፣ ሃይማኖቱ ወይም የሚደግፈው ድርጅት አይጠየቅ፤ ብርድ ይህን ለይቶ አይመታም። ኑሮው ሲቃና ደግሞ የወሰደውን ወይም በፈንታው ሌላ ይመልስ። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል። የሚመልስ ሰው ተመጽዋች አይባልምና፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አባል ነው።

በመንግሥቱ ዝርዝር ውስጥ ጀበናና ስኒ አልነበሩም። በኛ ዝርዝር ውስጥ ይግቡ። ብቻውን የተቀመጠ ሰው ቡና አፍልቶ ጎረቤቱን መጥራት ከቻለ፣ ቤቱ ቤት መሆን ጀምሯል።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። እያንዳንዳችን ከቁም ሣጥናችን አንድ ካፖርት፣ ከኩሽናችን አንድ ድስት ብናወጣ ለማንም አይከብድም። ወገኖቻችን ከበረዶው ወራት በፊት በየማኅበራችሁ ተነጋገሩበት፤ ቁልፍ የሚይዝና መዝገብ የሚጠብቅ ሰውም ምረጡ።